ድሬ ላይ ክላሚዲያ የተመረመረች ሴት አለች ወይ? (ከመልስ 1 እስከ 34 የተባለው)

ሰላም የድሬና የሐረር ሰዎች። ይሄን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ 34 ደርሷል፣ አዲስ የሚገቡት ደሞ ከላይ ሳያነቡ ያንኑ ጥያቄ ስለሚደጋግሙ እስካሁን የተባለውን በራሴ አነጋገር ልጻፍላችሁ። የማንንም ጽሁፍ እንዳለ አልገለበጥኩም፣ አንዳንዱ የትዳሩን ምስጢር ነው ያወጣው፣ እሱን እዚህ ደግሜ መለጠፍ ደስ አላለኝም።

መጀመሪያ የኔ ጥያቄ ምን እንደነበር። 33 ዓመቴ ነው፣ ተወልጄ ያደግኩት ከዚራ ነው፣ ካገባሁ 6 ዓመቴ። ልጅ አልመጣ ሲለን ሁለት ዓመት ፈጣሪ ሲፈቅድ እያልን ጠበቅን፣ ከዛ ምርመራ ጀመርን። የባለቤቴ ታየ ደህና ነው፣ የኔ ሆርሞን ታየ ደህና ነው፣ በመጨረሻ የማህፀን ቱቦ (እንቁላሉ የሚያልፍበት) ራጅ ታዘዘልኝና ቀለሙን ሲገፉት በሁለቱም በኩል አላልፍ አለ። ሐኪሟ ከዚህ በፊት የማህፀን ኢንፌክሽን ይዞሽ ያውቃል ወይ አለችኝ። በፍፁም። ሽታ የለ፣ ማሳከክ የለ፣ ሽንት ሲወጣ ማቃጠል የለ፣ ሆዴን እንኳን አሞኝ አያውቅም። ክላሚዲያ የሚባል በግንኙነት የሚተላለፍ ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ እንደዚህ ድምፁን አጥፍቶ ቱቦ ይዘጋል አለችኝ፣ ስሙን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ኤች አይ ቪ ስንት ጊዜ ተመርምሬያለሁ፣ ለጋብቻ፣ ለስራ፣ ደም ልሰጥ ስሄድ። ለዚህኛው ግን አንድም ቀን ማንም ተመርመሪ ብሎኝ አያውቅም። ስለዚህ የጠየቅኩት ይሄን ነው፦ ወጣት ሴቶች ምንም ሳያማቸው መመርመር የለባቸውም ወይ? ድሬ ላይ የተመረመረችስ አለች?

መልስ 1 ከሳቢያን የሆነች እህት ናት፣ ስለ ምርመራው ምንም አላለችም፣ ዱዓ አድርጋልኝ አይዞሽ ብላኝ ነው የሄደችው። አሁንም አመሰግናታለሁ።

መልስ 2 ነገሩን ቀላል አደረገችው። ነጭ ፈሳሽ የሌላት ሴት እንደሌለች፣ እናቶቻችን በጨው ውሃ ታጥበው እንደዳኑ፣ ሐኪም ቤት ሰው የሚያስፈራራው ለገንዘብ እንደሆነ ጻፈች። መልስ 3 መድኃኒት ቤት የምትሰራ ልጅ ነች፣ ትህትና አልነበራትም፣ ውስጥን በጨውም በሳሙናም መታጠብ ጤነኛውን ባክቴሪያ አጥፍቶ ለኢንፌክሽን በር እንደሚከፍት ነግራት ደሞ እኔ ፈሳሽ አለኝ እንዳላልኩ፣ ሳታነብ እንደመለሰች ወቀሰቻት። እውነቷን ነው፣ አነጋገሯ ግን ከበድ ይል ነበር።

መልስ 4ን ነው ሁላችሁም እንድታነቡት የምፈልገው። እዚሁ ድሬ ጤና ጣቢያ የምትሰራ ነርስ ነች። ለምን እንደማንመረመር እንደዚህ አስረዳች፣ በኛ አገር ጤና ተቋም የአባላዘር በሽታ በአብዛኛው የሚታከመው ምልክት ታይቶ ነው። ሴትዮዋ ፈሳሽ አለኝ ወይ ከእምብርቴ በታች ያመኛል ብላ ስትመጣ፣ ያንን ምልክት ለሚያመጡት በሽታዎች በሙሉ በአንዴ መድኃኒት ይሰጣታል፣ ላቦራቶሪ ሳይጠበቅ። ጥሩነቱ በዛው ቀን ታክማ ትሄዳለች፣ ነገ ተመለሺ የተባለች ሴት ብዙ ጊዜ እንደማትመለስ ማንም ያውቃል። ችግሩ ምንም ያልተሰማት ሴት መጀመሪያውኑ በሩ ላይ አትደርስም። ክላሚዲያ ከያዛቸው 10 ሴቶች 7ቱ ወይ ከዛ በላይ ምንም ምልክት የላቸውም ነው የምትለው። እርጉዝ ሴት ክትትል ስትጀምር ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢ እንደምትመረመር፣ ክላሚዲያ ግን ከተለመደው ምርመራ ውስጥ እንደሌለ ጨምራ ጻፈች። በየቀኑ እየመረመረች የምትልካቸው ወጣት ሴቶች ውስጥ ስንቷ ይዛው እንደምትሄድ ስታስብ እንቅልፍ እንደሚነሳት ነው የጨረሰችው። እኔ ይሄን ሳነብ አለቀስኩ፣ ለካ ከዛኛው ጠረጴዛ በኩልም የሚጨነቅ ሰው አለ።

መልስ 5 የ22 ዓመት ተማሪ ናት። ጓደኛ እንዳላት፣ ምንም እንዳላመማት፣ ብትመረመር ቤተሰቧ ይሰማ እንደሆነ፣ ምርመራው ያም እንደሆነ ነው የጠየቀችው። ይቺን ልጅ ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ ትመለሳለች።

መልስ 6 ላይ ጠብ ተጀመረ። አንድ ወንድም ይሄ የሴተኛ አዳሪና የሹፌር በሽታ እንደሆነ፣ ድሬ የጅቡቲ መንገድ ላይ ስለሆነች እንደሆነ፣ ጨዋ ሴት ምን ብላ እንደምትመረመር እንደማይገባው ጻፈ። መልስ 7 እና 8 አልማሩትም። 7ኛዋ ክሩን የከፈተችውን ነው የሰደብከው ብላ ይቅርታ እንዲጠይቅ አዘዘችው፣ 8ኛው እሱም ወንድ ነው፣ ጨዋዋን ሴት ማን እንደሚያስይዛት ጠየቀው። መልስ 9 ቁጥር ይዞ መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ ብቻ ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ 129 ሚሊዮን አዲስ የክላሚዲያ ኢንፌክሽን እንዳለ ገምቷል፣ ይሄ ሁሉ ሰው ሹፌር ነው ወይ አለ። ደሞ በወጣት ሴቶች ላይ የሚበዛው በጸባያቸው ብቻ እንዳልሆነ፣ በዛ እድሜ የማህፀን በር ውስጠኛው ስስ ሽፋን ወደ ውጪ ገለጥ ስለሚል ባክቴሪያው እዛ ላይ መያዝ እንደሚቀለው አስረዳ። ይሄን እኔም አላውቅም ነበር። 6ኛው ሰውዬ ከዛ በኋላ አልጻፈም።

መልስ 10 ላይ አንዲት እህት ግራ ተጋባች። የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ እንዳደረገች፣ ነፃ ነሽ እንደተባለች፣ ስለዚህ ክላሚዲያም የለባትም ማለት እንደሆነ ጠየቀች። የመልስ 4 ነርስ መልስ 11 ላይ አይደለም አለቻት። በአሴቲክ አሲድ ቀብተው የሚያዩት የማህፀን በር ላይ የካንሰር ምልክት እንዳለ ነው፣ ክላሚዲያን አያሳይም። እዛ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ሁሉንም የታየች ይመስላታል፣ ምን እንደታየላት ምን እንዳልታየላት የሚነግራት የለም። እኔም ራሴ እንደዛ ነበር የሚመስለኝ።

መልስ 12 ወሬውን ወደ ዓይን ወሰደው። አያቱ ጎጃም በትራኮማ ዓይናቸው እንደጠፋ፣ የበሽታው ስም ክላሚዲያ እንደሆነ ሰምቶ እንደሚያውቅ፣ ያ እና ይሄ ምን እንደሚያገናኛቸው ጠየቀ። መልስ 13 የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው፣ ባክቴሪያው አንድ ዝርያ እንደሆነ፣ ትራኮማን የሚያመጣው አይነት በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ እንደሚተላለፍ፣ የአባላዘሩ ግን ሌላ አይነት እንደሆነና በግንኙነት እንደሚተላለፍ አስረዳ። ማለትም ትራኮማ የያዘው ሰው አባላዘር አለበት ማለት አይደለም፣ ማንም ሰው አያቱን እንዳይጠረጥር። ሁለቱንም የሚያመሳስላቸው ጠባሳቸው ነው፣ ያኛው ደጋግሞ ቆስሎ ሽፋሽፍትን ወደ ውስጥ ያዞራል፣ ይሄኛው ቱቦን ያጣብቃል። አገሩ ላይ ለትራኮማ በዘመቻ የሚታደለው አዚትሮማይሲን ለዚህኛውም እንደሚሰራ ሲነግረን ደነገጥኩ፣ መድኃኒቱ እኮ አገር ውስጥ ሞልቷል፣ የጎደለው ማን እንደያዘው ማወቅ ነው።

ያው የላቦራቶሪ ልጅ መልስ 14 ላይ አስጠነቀቀን። አንዳንድ ቦታ ደም ወስደው የክላሚዲያ ምርመራ ነው የሚሉት በደም ውስጥ ያለ አንቲቦዲ (ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚሰራው) የሚያይ እንደሆነ፣ እሱ ድሮ አግኝቶሽ ይሆናል ከማለት በቀር አሁን ይዞሻል አልያዘሽም ማለት እንደማይችል፣ ሳንባ ከሚያሳምመው ሌላ የክላሚዲያ ዘመድ ጋርም ሊምታታ እንደሚችል ጻፈ። ትክክለኛው የባክቴሪያውን ዘረመል የሚፈልገው ነው፣ ናሙናው ከብልት ውስጥ በጥጥ እንጨት የሚወሰድ ወይ ሽንት። ለ5ኛዋ ልጅ ደሞ አያምም አላት፣ ጥጡን ሴቷ ራሷ መጸዳጃ ቤት ገብታ ልትወስደው እንደምትችልና ሐኪም ከወሰደው እኩል እንደሚሰራ። ማንም ሳያያት። ለቲቢ ብለው ያስገቡት ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽን ይሄንንም መመርመር እንደሚችል፣ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ውጤት እንደሚሰጥ፣ የሚለየው ካርትሬጁ (ናሙናው የሚገባበት ዕቃ) ብቻ እንደሆነም ነገረን። ማሽኑ እንዳለ የተቀመጠ፣ ካርትሬጅ ብቻ የሚያንሰው ነገር መሆኑን ሰው ሳይሰማ እንዳያልፍ ብዬ ነው ይሄን ያህል የጻፍኩት።

መልስ 15 አንድ አባወራ፣ በትህትና ነው የገባው፣ ግን ፍርሃቱ ትልቅ ነው። ምንም ያላመማትን ሴት መርምሮ አለብሽ ማለት ትዳር ማፍረስ እንደሆነ፣ በሰላም የሚኖሩ ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት እንደሚለያዩ። መልስ 16 የተቃጠለች ሴት ነች የመለሰችው፣ እሷ ራሷ በዚህ ነገር የተፈታች። ከወለደች በኋላ አሟት ሄዳ ስትታከም ባልሽን ይዘሽ ነይ ተባለች፣ ባሏ ቤት መጥቶ ከየት አመጣሽው ብሎ እቃዋን ውጪ አወጣው፣ እሱ ግን እስከ ዛሬ አልተመረመረም። ወሬው በሰፈሩ ሁሉ ደረሰ። መልስ 17 እንደገና ነርሷ ናት፣ ክላሚዲያ ሳይታከም ከዓመት በላይ ዝም ብሎ ሊቆይ እንደሚችል፣ ስለዚህ ዛሬ የወጣ ውጤት መቼ እንደገባና ማን እንዳመጣው እንደማይናገር፣ ከጋብቻ በፊትም ሊሆን እንደሚችል አስረዳች። ወንዱም ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማውም። ሁለቱ አንድ ላይ ካልታከሙ እሷ ብቻዋን ውጣ መልሶ ይይዛታል፣ ድካሙ ከንቱ ነው። 15ኛው ወንድማችን ይሄን አንብቦ እንደዚህ እንደማያውቅ ጽፎ አመሰገነ። እኔ በበኩሌ እንዲህ አይነት ሰው ነው የማከብረው።

መልስ 18 ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ የሚኖሩ እናታችን ናቸው፣ ጽሁፋቸው ረጅም ነበር ነጥብ እንኳን የለውም ግን ሁላችንንም ዝም ያሰኘን እሱ ነው። የእህታቸው ልጅ ሰርግ ቤት ስታስተናግድ ትከሻዬን አመመኝ አለች፣ ድስት ስላነሳች ነው ተባለ፣ ትንሽ ቆይታ ፊቷ ነጭ ሆኖ ወደቀች። በባጃጅ ይዘዋት ሮጡ። ከማህፀን ውጪ እርግዝና ነበር፣ ቱቦዋ ላይ ተጸንሶ ቱቦው ፈንድቶ ደሙ ሆዷ ውስጥ ፈሶ ነው፣ የትከሻው ህመም ደሙ ወደ ላይ ወጥቶ ከሳንባ ስር ያለውን ጡንቻ ሲነካው የሚመጣ እንደሆነ ሐኪሞቹ በኋላ ነገሯቸው። አልሐምዱሊላህ ተረፈች፣ አንዱ ቱቦ ግን ወጣ። ድሮ የተጎዳ ቱቦ ላይ እንቁላሉ መንገድ ላይ እንደሚቀር የዛን ጊዜ ነው የሰሙት። ከዛ ወዲህ በአፎቻ (እንደ እድር ያለ የሐረር ማህበር) ሴቶቹ ሲሰበሰቡ ስለዚህ ነገር ያወራሉ፣ ሴት ልጅ የወር አበባዋ ቀርቶ ሆዷን በአንድ በኩል ካመማት ወይ ካዞራት ነገ ሳይባል ሐኪም ቤት እንድትሄድ። ለሰርግና ለለቅሶ የሚሰበሰቡ ሴቶች ይሄን ካወሩ ሌላ ምን ዘመቻ ያስፈልጋል።

ከ19 እስከ 22 ያለው ከርዕስ ወጣ። አንዱ የሐረርን ሰርግ ምግብ አነሳ፣ አንዱ የድሬ ሙቀት ዘንድሮ እንዴት እንደባሰ፣ ሌላው ባጃጅ ሌሊት እንዴት እንደሚጠፋ። መልስ 22 ብቻ ይጠቅማል፣ 3ኛዋ የመድኃኒት ቤት ልጅ ሙቀቱን ይዛ ወደ ጉዳያችን መለሰችን። ዶክሲሳይክሊን የሚወስድ ሰው ቆዳው በፀሐይ ቶሎ እንደሚቃጠል፣ በድሬ ፀሐይ ደሞ ጥላ መያዝ እንዳለበት፣ በብዙ ውሃ ውጦ ወዲያው እንዳይተኛ፣ ከወተትና ከብረት ክኒን ጋር በአንድ ጊዜ እንዳይወስደው። 100 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ ለ7 ቀን ነው፣ ሁለት ቀን ወስዶ ደህና ነኝ ብሎ ማቆም የለም። እርጉዝ ሴት ግን ዶክሲ አትወስድም፣ ለሷ አዚትሮማይሲን 1 ግራም በአንዴ ነው፣ እሱም ሐኪም አይቷት። በነዛ 7 ቀናት ግንኙነት አይደረግም። መድኃኒት ቤቷ መጥተው በምልክት ሁለት ፍሬ አሞክሳሲሊን ስጪኝ የሚሉ ወንዶች በጣም እንደሚያናድዷት ጽፋ ነው የጨረሰችው።

መልስ 23 ለንደን የምትኖር የድሬ ልጅ፣ የገንደ ቆሬ። እንግሊዝ ለብዙ ዓመት ለወጣት ወንድም ሴትም ምርመራውን ስትሰጥ ቆይታ በ2021 ሴቶች ላይ እንዲያተኩር እንዳደረገችው፣ ምክንያቱም ጉዳቱ የሚደርሰው ማህፀን ያላት ላይ ስለሆነ። አሜሪካም በ2021 ባወጣችው ምክር ግንኙነት የጀመረች 24 ዓመትና ከዛ በታች የሆነች ሴት ሁሉ፣ ከ25 በላይ ደሞ አዲስ ጓደኛ ወይ ሌላ ምክንያት ያላት እንድትመረመር ትላለች።

መልስ 24 ሐኪም ናቸው፣ ሁለት ነገር አረሙኝ፣ በጨዋ ደንብ። አንደኛ ቱቦ የሚዘጋው በክላሚዲያ ብቻ አይደለም፣ ጨብጥም፣ የማህፀን ቲቢም፣ ከውርጃ ወይ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ኢንፌክሽንም፣ የፈነዳ ትርፍ አንጀትም ይዘጋል፣ ስለዚህ የኔ በምን እንደተዘጋ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ራጁም ቢሆን ቱቦው ማህፀኑ ጋ ለጊዜው ሲኮማተር የተዘጋ ሊያስመስል ይችላል፣ አንድ ራጅ ላይ ብቻ ተስፋ እንዳልቆርጥ። ሁለተኛ ስለ ምርመራው ጥቅም ማጋነን እንደሌለብን። በ1996 የታተመ የሲያትል ጥናት ለበሽታው የተጋለጡ ሴቶችን ፈልጎ መመርመር የማህፀንና የቱቦ ኢንፌክሽንን በግማሽ ገደማ እንደቀነሰ አሳየ፣ በ2018 የወጣው ትልቁ የአውስትራሊያ ጥናት ደሞ ክሊኒኮች ምርመራ እንዲያበዙ ተደርጎ የበሽታውን ስርጭት ይህን ያህል እንዳልቀነሰ አየ። ሁሉንም አንዴ መርምሮ መተው ብቻውን አይሰራም ነው የሚሉት፣ ባልየው ካልታከመ ከ3 ወር በኋላም ካልተደገመ።

እርማቱን ተቀብያለሁ። ግን መልስ 25 ላይ የመለስኩላቸውን አሁንም አልቀይረውም። በአገር ደረጃ ቁጥሩ ቀነሰ አልቀነሰ ሌላ ነው፣ አንዲት የ20 ዓመት ልጅ ግን አሁን ታውቅ ነበር፣ 7 ቀን መድኃኒት ወስዳ ይለቃት ነበር። ጠባሳ ከሆነ በኋላ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ይገላል እንጂ ቱቦውን አይከፍተውም፣ ይሄን ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ዶክተሩ አልተቆጡም፣ እርጉዝና ከ25 በታች ያሉት ላይ ቢጀመር እሳቸውም እንደሚደግፉ ጻፉ።

መልስ 26 የወለደች እህት ናት። ልጇ በሁለተኛው ሳምንት ዓይኑ በመግል ተጣበቀ፣ ጎረቤት የጡት ወተት ጠብ አድርጊበት አሏት። ሲወለድ ቅባት ተቀብቶለት እንደነበር፣ ታዲያ ለምን እንደያዘው ጠየቀች። ነርሷ መልስ 27 ላይ የቴትራሳይክሊን ቅባቱ የጨብጡን ለመከላከል እንደሚረዳ፣ የክላሚዲያውን ግን በአስተማማኝ እንደማያስቆም፣ ልጁ በአፍ የሚሰጥ መድኃኒት እንደሚያስፈልገው፣ ሳንባውም መታየት እንዳለበት፣ እናትና አባቱም አብረው እንደሚታከሙ ነገረቻት። ዛሬ ነገ እንዳትል ደጋግማ።

28 መድኃኒት የሚሸጥ የባህል ሐኪም ነው፣ አድራሻውን ለጠፈ፣ ተሰርዟል። 29 እና 30 እሱን የተሰዳደቡበት ነው፣ ዘልዬዋለሁ። 31 ኮንዶም በትክክል ከተደረገ በብዙ እንደሚከላከል ያስታወሰ ወንድም ነው፣ አጭርና ትክክል።

መልስ 32፣ 5ኛዋ ልጅ ተመለሰች። ጥጡን ራሷ ነው የወሰደችው፣ ናሙናው አዲስ አበባ ተልኮ ከቀናት በኋላ መጣ፣ አለባት። በአምስት መስመር ነው የጻፈችው፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ ይመስላል። መድኃኒቱን ጀምራለች፣ ጓደኛዋ ግን እኔ ምንም የለብኝም ብሎ እምቢ ብሏታል። መልስ 33 ላይ ነርሷ መጀመሪያ ጎበዝ አለቻት፣ ከዛ እሱ እስኪታከም አብራው እንዳትሆን፣ ሊያናግራት ከፈለገ ራሷ እንደምታስረዳው፣ ለመዳኗ ማረጋገጫ ብላ በሳምንቱ ሮጣ እንዳትመረመር፣ የሞተው ባክቴሪያ ዘረመል ሳምንታት ስለሚቆይ ያለ የሚመስል ውጤት ሊወጣ ስለሚችል፣ በ3 ወሯ ግን የግድ እንድትደግም።

መልስ 34 የኔው ነው። ትንሿ እህቴ 21 ዓመቷ ነው፣ ቅዳሜ ቡና እየፈላ ሁሉንም ነገርኳት፣ ራጁንም አሳየኋት። አላፈረችም፣ እኔ ነኝ ያፈርኩት። ሐሙስ ከሰዓት አብረን እንሄዳለን። የመልስ 4 ነርስ እህቴ፣ እናንተ ጋ ካርትሬጁ የመጣ ቀን እባክሽ እዚሁ ጻፊልን፣ ሳቢያንም መጋላም ያሉት እየጠበቁ ነው።